መርሳ ላይ ወደብ የለም

ከወልዲያ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደወረዱ መርሳ ይደረሳል። የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት። መኪና ቆም ሲል ማንጎና ፓፓያ የያዙ ሴቶችና ልጆች መስኮቱን ይከቡታል። ከዚያ ግርግር ጀርባ አንዲት የሞባይል ጥገና ሱቅ አለች። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ነው የሚቆመው። ከአካባቢው ሱቆች የሚለያት አንድ ነገር ነው፤ ባንኮኒው ላይ 120 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ተቀምጧል፤ ውስጡ ስድስት ዓሦች ይዋኛሉ።

ስልክ ሊያሠራ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ጋሼ፣ ይሄ ይበላል?" ብሎ ነው። አምስቱ ይበላሉ፤ ቆሮሶ ናቸው። ስድስተኛው ብርቱካንማ ነው፤ ከአዲስ አበባ በውሃ በተሞላ ፌስታል ተጭኖ የመጣ። ሻጩ "ፓሮት ነው" ብሎ ሸጦለታል። ባለ ሱቁ ስሙን ሲሰማ ሳቅ ብሎ ከፍሎ ወጣ። ይሄ ብርቱካንማ ዓሣ ሁለት የወንዝና የሐይቅ ዓሦችን በማዳቀል በሰው እጅ የተገኘ ነው፤ አፉ እንኳ በቅጡ አይገጥምም። ጨው የሌለበት ውሃ ውስጥ ይኖራል፤ ባሕር ቢገባ በሰዓታት ይሞታል። እውነተኛው በቀቀን ዓሣ ሌላ ነው። ሰውየው ያውቀዋል፤ ሦስት ዓመት ተኩል በእጁ አብልቶታል።

ይህ የሆነው ጅዳ ነው።

ስለ ከተማዋ ስም ትንሽ መባል አለበት። በዐረብኛ "መርሳ" ማለት መርከብ መልሕቅ የሚጥልበት ቦታ፣ ወደብ ማለት ነው። ግብፅ ውስጥ መርሳ መጥሩህ አለች፤ ቀይ ባሕር ዳር ደግሞ መርሳ አለም። የእኛዋ መርሳ ስሟን ከዚያ አገኘች ለማለት አይደለም፤ የአማርኛ ጆሮ እንዲያውም መርሳትን ነው የሚሰማባት። ግን ሰውየው ጅዳ በገባ በመጀመሪያው ወር አሠሪው፣ እነሱ እንደሚሉት ከፊሉ፣ "ከየት ነህ?" ብሎ ሲጠይቀው "ከመርሳ" አለ። ከፊሉ ደስ አለው። "የየትኛው ባሕር መርሳ?" አለ። ባሕር እንደሌላት፣ ተራራ ሥር ያለች የማንጎ ከተማ መሆኗን ለማስረዳት ዐረብኛው አልበቃውም። በዚያ ቤት እስከ መጨረሻው ድረስ "የወደቡ ልጅ" ሲባል ኖረ። ዓሦቹን እንዲጠብቅ የተሰጠውም በዚሁ ምክንያት ይመስለዋል፤ የባሕር ሰው መስሏቸው።

ባሕር ግን አይቶ አያውቅም ነበር። አባቱ በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ረዳት ነበሩ። ከግንቦት 1990ው ጦርነት በፊት፣ የኢትዮጵያ ዕቃ በአሰብ በሚገባበት ጊዜ፣ ከወሎ ወደ አሰብ መመላለስ እንጀራ የነበረበት ሰው ብዙ ነው። ወደቡ ሲዘጋ አባት መኪና ላይ መውጣት ተዉ፤ ለልጃቸው ያመጡለት አንድ ትልቅ ዛጎል ግን መደርደሪያ ላይ ቀረ። እሱ ራሱ በ2001 ዓ.ም.፣ በ20 ዓመቱ፣ በጭፍራ በሚሌ አድርጎ በእግርም በመኪናም ኦቦክ ሲደርስ ባሕሩ ጋ የቀረቡት በሌሊት ነበር። ጀልባው ላይ የተሳፈሩት በሌሊት ነው፤ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ሄደው የመን የወረዱትም ገና ሳይነጋ። ስለዚህ ቀይ ባሕርን አቋርጦ ቀይ ባሕርን አላየም። ሽታውን ያስታውሳል፤ የናፍጣና የትውከት ሽታ። ጨዋማ ውሃ ከንፈሩ ላይ። አጠገቡ ተቀምጦ ቁርኣን የሚቀራ አንድ የራያ ልጅ ድምፅ። ሌላ ምንም የለም።

ያየው በመስታወት ነው። የከፊሉ ሳሎን አንዱ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ገንዳ ነበር፤ ሦስት ሺህ ሊትር ገደማ ይይዛል። ውስጡ ድንጋይ፣ ነጭ አሸዋ፣ ቢጫና ሰማያዊ ዓሦች፣ መሃላቸው ደግሞ አንድ ዝገት የመሰለ፣ ወፍራም ከንፈር ያለው፣ ውበት የሚባል ነገር የሌለው ዓሣ። ጅዳዎች "ሐሪድ" ይሉታል። ይህን የዐረብኛ ስም ወደ ሳይንስ ያስገባው ፒተር ፎርስኮል የሚባል ስዊድናዊ ነው። በ1761 እ.ኤ.አ. ከዴንማርክ ከተነሣው የዐረቢያ የጥናት ጉዞ ጋር ወጥቶ ጅዳና የመን ዳርቻ ላይ ዓሣና ተክል ሲሰበስብ ቆየ፤ በ1763 የመን ውስጥ በወባ ሞተ። ማስታወሻውን ከጉዞው በሕይወት የተረፈው ጓደኛው ካርስተን ኒቡር በ1775 አሳተመለት። ዛሬም ከቀይ ባሕር በቀቀን ዓሦች ብዙዎቹ ፎርስኮል ያወጣላቸውን ስም ይዘው ይኖራሉ፤ ዝገት የመሰለው ይሄኛውም ጭምር።

ገንዳውን የሚያስተዳድር አንድ ግብፃዊ ባለሙያ በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል። በመሃሉ ያሉት ቀናት የሐሪሱ ናቸው፤ ማለትም የመርሳው ልጅ። የመጀመሪያው ትምህርት ጥፋት ነበር። ገንዳው ውሃው እየተነነ ይጎድላል፤ በተለይ በበጋ። ልጁ የጎደለውን ለመሙላት በርሜል ውስጥ የተዘጋጀውን የጨው ውሃ አምጥቶ ይጨምራል። የባሕር ገንዳ በባሕር ውሃ ቢሞላ ምን ስሕተት አለው? አንድ ወር እንዲህ ቆየ። ሁለት ዓሦች ሞቱ፤ ሐሪዱ መብላት አቆመ። ግብፃዊው መጥቶ ውሃውን ሲለካ ጮኸ። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ውሃ ፀሐይ ላይ አስቀመጠና ሄደ። ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ብርጭቆው ውስጥ የቀረው ነጭ ፍርፋሪ ነበር። ጨው አይተንም። የሚሄደው ውሃው ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሚተካውም ንጹሕ፣ ጨው የሌለበት ውሃ ብቻ። "አፋር ውስጥ በእግሩ አልፎ፣ ጨው እንዴት እንደሚወጣ እያየ የመጣ ሰው ይህን እንዴት ይስታል?" ይላል ዛሬ በራሱ ላይ እየሳቀ።

ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ገባው። የውቅያኖስ ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ቀይ ባሕር ጠንከር ይላል፣ ሰሜኑ ጋ 40ን ይነካል። ሙቀቱ ከ25 እስከ 27 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ጅዳ ላይ ችግሩ ማሞቅ ሳይሆን ማቀዝቀዝ ነው፤ ማቀዝቀዣው አንድ ሌሊት ቢቆም ጠዋት ዓሦቹ ውሃው ፊት ላይ አፋቸውን ከፍተው ይገኛሉ። ከሁሉ የከበደው ግን ዓይን የማያየው ነገር ነው። ዓሣ ይበላል፣ ይጸዳዳል፤ ከዚያ የሚወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። ድንጋዩና አሸዋው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ ወደ ቀነሰ ናይትሬት ይቀይራሉ። አዲስ ገንዳ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ዓሣ የሚያስገባ ሰው ዓሣውን እየገደለ ነው። ናይትሬቱ ሲጠራቀም ደግሞ ከውሃው ጥቂቱን ቀድቶ ማውጣትና በአዲስ መተካት ያስፈልጋል፤ በየሳምንቱ፣ ያለ ዕረፍት። አዲስ የተገዛ ዓሣ በቀጥታ አይገባም፤ ለብቻው በትንሽ ገንዳ ቢያንስ አንድ ወር ይቆያል፣ ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣውን ጥገኛ ይዞ ቢመጣ መላውን ቤት እንዳይጨርስ። የነጠብጣቡ መድኃኒት መዳብ ነው፤ መዳብ ደግሞ ኮራሉንና ቀንድ አውጣውን ይገድላል። ስለዚህ መድኃኒቱም እዚያው ለብቻው።

ይህ ሁሉ ለማንኛውም የባሕር ዓሣ ነው። ሐሪዱ ከዚህ በላይ ይፈልጋል። ጨጓራ የለውም። አንዴ በልቶ የሚያድር ፍጥረት አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ እየፋቀ የሚውል ነው። ጥርሶቹ ተጣብቀው የበቀቀን መንቁር የመሰለ አፍ ሠርተውለታል፤ በዚያ አፍ ድንጋዩን ይቧጥጣል፣ አልጌውን ከነድንጋዩ ይውጣል፣ ጉሮሮው ውስጥ ባለው ሁለተኛ መፍጫ ያደቀዋል፣ የተረፈውን ነጭ አሸዋ አድርጎ ከኋላው ይበትነዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. ጥርሱን የመረመሩ የካሊፎርኒያ ሳይንቲስቶች በአንዱ ዝርያ አፍ ውስጥ በ15 ረድፍ የተደረደሩ አንድ ሺህ ያህል ጥርሶች ቆጥረዋል፤ ጫፋቸው ከመዳብም ከወርቅም ይጠነክራል። ከትልልቆቹ ዝርያዎች አንዱ ዓሣ በዓመት ቶን የሚሞላ አሸዋ ያወጣል። በፊልም የምናየው የደሴቶች ነጭ የባሕር ዳርቻ ከፊሉ በዚህ ዓሣ ሆድ ያለፈ ነው።

እንዲህ ያለውን ፍጥረት በደረቅ የዓሣ መኖ ማኖር ላም በዳቦ እንደማኖር ነው። ልጁ የደረቀ የባሕር ቅጠል፣ ጃፓኖች ሩዝ የሚጠቀልሉበትን፣ ድንጋይ ላይ በላስቲክ እያሰረ በቀን አራት ጊዜ ያስገባለት ጀመር። ላስቲኩ ወሳኝ ነው። ቅጠሉ ሲንሳፈፍ ሐሪዱ አያየውም፤ መፋቅ አለበት። ሰገነቱ ላይ ደግሞ በፀሐይ ላይ በተቀመጠ በርሜል ውስጥ ድንጋይ እየዘፈቀ አልጌ አበቀለ፤ ድንጋዮቹን በየሳምንቱ ያፈራርቃል። ይህን ማንም አላስተማረውም። በሬ ሲያርስበት የዋለ ልጅ መስክ ማፈራረቅ ያውቃል። ግብፃዊው አይቶ ዝም አለ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ቤት ሲሄድ እንደዚያ እንዲያደርጉ ይነግራቸው እንደነበር በኋላ ሰማ።

ሌሊቱን ደግሞ የሚያውቀው ሐሪሱ ብቻ ነው፤ ቤቱ ተኝቶ እሱ ነቅቶ ስለሚያድር። መብራት ከጠፋ በኋላ ሐሪዱ ድንጋይ ሥር ይገባና ከአፉ ዝልግልግ ነገር እያወጣ ራሱን ይሸፍናል። መስታወት የመሰለ ከረጢት ውስጥ ተኝቶ ያድራል፤ ጠዋት ቀዶት ይወጣል። ልጁ መጀመሪያ ሲያየው ዓሣው የታመመ መስሎት ግብፃዊውን በሌሊት ቀሰቀሰው፤ ስድብ ጠጣ። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ጥናት ይህን ከረጢት ከወባ አጎበር ጋር አመሳስሎታል። ዓሣው ከረጢቱ ሲነሣበት ደም የሚመጡ ጥቃቅን የባሕር ተባዮች ይወርሩታል፤ ከረጢቱ ውስጥ ሲሆን ይድናል። የመርሳ ሰው አጎበር ምን እንደሆነ አይነገረውም። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ልጁ የሳሎኑን መብራት ድንገት የሚያበራ ሰው ካለ ይቆጣል፤ የከፊሉን ልጆች ጨምሮ።

እዚህ ላይ ገንዳ የማቆም ፍላጎት ላለው አንባቢ ግልጽ መሆን ይገባል። አዲስ አበባ ውስጥ አቅሙ ኖሮት የጨው ውሃ ገንዳ የሚያስብ ሰው ይኖር ይሆናል። ለበቀቀን ዓሣ ጤና የመጀመሪያው ምክር አለመግዛት ነው። የጅዳው ሐሪድ ሦስት ዓመት ተኩል የኖረው ግድግዳ የሚያህል ገንዳ፣ ባለሙያ፣ የማይጠፋ መብራትና ሌሊቱን የማይተኛ አንድ ስደተኛ ስለነበረው ነው። አንዳንዶቹ ዝርያዎች ክንድ ያህል ያድጋሉ፤ ከዚያም የሚያልፉ አሉ። ትንሽ ሆነው ሲሸጡ ያሳዝናሉ፤ ገዢው ቤት ገብተው በረሃብ ይሞታሉ፤ ረሃብ መሆኑን እንኳ የሚያውቅ የለም፤ ምግብ ፊታቸው ተንሳፎ እያለ ነውና። ዓሣው የሚያስፈልገው ሪፉ ላይ ነው። እሱ የማይፍቀው ኮራል በአልጌ ይታፈናል።

ኅዳር 2006 ደረሰ። ሳዑዲ ሕጋዊ ወረቀት የሌላቸውን ጠራርጋ ስታስወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። እሱም ያለ ኢቃማ ስለነበር ከመካከላቸው አንዱ ሆነ። ገበያ ወጥቶ ነው የተያዘው። እስር ቤት ሆኖ የተፈቀደለትን አንድ ስልክ የደወለው ለእናቱ አይደለም። የቤቱ ሹፌር ለነበረው ባንግላዴሻዊ ደወለ፦ "ቅጠሉን በላስቲክ እሰረው፤ እንዲሁ አትጣለው።" እናቱ ይህን ዛሬም ይቅር አላሉትም፤ ሲያነሡት ግን እየሳቁ ነው።

መርሳ ሲመለስ በእጁ የቀረው ገንዘብ ሱቋን ለመክፈት ብቻ ይበቃ ነበር። ቢሆንም አንድ ዓመት ሙሉ ባሕር መርሳ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ሲያሰላ ኖረ። የስልክ ቁሳቁስ የሚያመጣለት ጓደኛው "ጨው ነው የጎደለህ? አፍዴራ ሞልቶ!" አለው። የሱም የመጀመሪያ ሐሳብ ያው ነበር። ግን የምግብ ጨው ባሕር አይሆንም። ከባሕር ጨው 85 በመቶ ያህሉ ሶዲየምና ክሎሪን ነው፤ ቀሪው ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም፣ ሰልፌትና ሌላም ነው፤ ኮራል አጥንቱን የሚሠራው፣ ዓሣ የደሙን ሚዛን የሚጠብቀው በእነዚህም ጭምር ነው። የተዘጋጀው የገንዳ ጨው ደግሞ ከውጭ ይመጣል። ለአንድ ሺህ ሊትር 35 ኪሎ፤ ከዚያ በየሳምንቱ ለሚቀየረው ውሃ ተጨማሪ።

ሌላም ያልጠበቀው ነገር ነበር። መርሳ ቆላ ብትባልም ከባሕር ወለል ከ1500 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም ይቀንሳል፤ በዚያ ከፍታ ከስድስት አንድ እጅ ያህል። ጨዋማ ውሃ ደግሞ በተፈጥሮው ከንጹሕ ውሃ አንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው። ሁለቱ ሲደመሩ ዓሣው ተራራ ላይ የወጣ የባሕር ዳር ሰው ይሆናል፤ ቶሎ ይደክመዋል። መፍትሔው ውሃውን ሌት ተቀን የሚያናውጥ ፓምፕ ነው። ፓምፑ መብራት ይፈልጋል። መብራቱ ጋ ሲደርስ ስሌቱን ዘጋው፤ ደብተሩ ግን አሁንም መሳቢያው ውስጥ አለ።

ባሕሩን ትቶ ወደ ሐይቅ ዞረ። ከመርሳ ወደ ደሴ ሲኬድ መንገድ ላይ ያለው የሐይቅ ሐይቅ ቆሮሶ የጥንት ነዋሪው አይደለም፤ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ነው ከሌላ ቦታ መጥቶ የተለቀቀበት፤ ዛሬ የዓሣ አጥማጁ እንጀራ ሆኗል። ቆሮሶ ጠንካራ ነው። አፈር የገባበትንም ሞቅ ያለውንም ውሃ ይችላል። ሰውየው ከአንድ አጥማጅ ጫጩቶች ለምኖ በጀሪካን አመጣና ጀመረ። ጅዳ የተማረው ሁሉ እዚህም ሠራ፤ ባክቴሪያው ያው ነው፣ አሞኒያው ያው ነው። ጨው አለመኖሩ ብቻ።

ከዚያ ነሐሴ 2013 መጣ። የሕወሓት ኃይሎች ሰሜን ወሎን ያዙ፤ መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ። እስከ ታኅሣሥ 2014 እንዲያ ሆኖ ቆየ። ያን ጊዜ በሰው ላይ የደረሰው ብዙ ተጽፏል፤ የሚቀረውም ይበዛል። በአንድ ሱቅ ስላሉ ዓሦች ማውራት ነውር ይመስላል። ግን የሆነው ይኸው ነው፦ ፓምፑ ሲቆም ገንዳውን ወደ ቤት አመጣው፤ በጣሳ ውሃ እየቀዱ ከከፍታ መልሰው እያፈሰሱ አየር ያስገቡለት ጀመር። ባልና ሚስት በፈረቃ። ልጆቹም ሥራ አገኙ፤ ደጅ መውጣት በማይቻልበት ቀን ጣሳ መያዝ መጫወቻ ሆናቸው። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። በአራተኛው ሳምንት ዱቄቱ አለቀ። ትልልቆቹን ሦስት ቆሮሶዎች ሚስቱ ጠበሰቻቸው። "ጥሩ ነበሩ?" ተብሎ ሲጠየቅ "በጣም" ይላል፤ ሌላ ነገር አይጨምርም። የዚያን ጊዜውን ብርቱካንማ ዓሣ ልጆቹ አልቅሰው አስተረፉት። እሱም ብዙ አልቆየም።

አሁን ያሉት ስድስቱ ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት መንገዱ በየጊዜው ይዘጋል፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ ስልክ የሚያሠራ ሰው ይቀንሳል። ሱቁ ውስጥ የሚቀመጠው ግን በዛ። ሥራ የሌላቸው ልጆች ይመጡና ገንዳውን እያዩ ይውላሉ። ወሬያቸው አንድ ነው፤ ማን ገባ፣ ማን የመን ላይ ተያዘ፣ የማን ቤተሰብ ለማስለቀቂያ በሬ ሸጠ።

በዚሁ ጊዜ አዲስ አበባ ላይም ወሬው ቀይ ባሕር ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በጥቅምት 2016 ጉዳዩን በአደባባይ ካነሡት ወዲህ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ ዓመት ሳይሞላ የአንካራው መግለጫ ተከተለ፤ በየቴሌቪዥኑ ካርታ የሚዘረጋ ተንታኝ ሞላ። የባሕር በር ጥያቄ ተገቢ ነው አይደለም የሚለው እዚህ አይፈታም። ግን የሀብሩ ሰው ያንን ክርክር ሲሰማ የሚገርመው ነገር አለ። ባሕሩ በር አጥቶ አያውቅም። የመርሳ ልጆች በየወሩ ይወጡበታል። መጋቢት 30 ቀን 2016 ጅቡቲ ዳርቻ በሰጠመው ጀልባ ቢያንስ 38 ሰዎች ሞቱ። መስከረም 21 ቀን 2017 ከየመን 310 ሰው ይዘው ሲመለሱ የነበሩ ሁለት ጀልባዎች ኦቦክ አጠገብ ደረሰባቸው፤ ቢያንስ 45 ሞቱ። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ደግሞ የመን፣ አብየን ዳርቻ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ ከ150 በላይ ሰዎች የጫነው ጀልባ ተገለበጠ፤ የሟቾቹ ቁጥር ከ90 በላይ ሆነ። ባሕሩን በተሻገሩት ላይ ድንበር ላይ ምን እንደደረሰ ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ባወጣው ሪፖርት ዘርዝሯል፤ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ገድለዋል ሲል። ስለ ቀይ ባሕር በተደረጉት ረጃጅም ውይይቶች ላይ እነዚህ ቁጥሮች ስንት ጊዜ ተነሡ? ካርታው ላይ መርከብ ይሣላል፤ ጀልባ አይሣልም።

የሰውየው የእህት ልጅ 17 ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሱቁ ይመጣል። ባለፈው ክረምት ለደላላ የሚከፈለውን ግማሽ እናቱ ማዘጋጀቷ ተሰማ። አጎት እህቱን አልተቆጣትም፤ እናታቸውም ለሱ ያንኑ አድርገዋል። ልጁንም "አትሂድ" አላለውም። ይህን ቃል እሱም በዘመኑ ሰምቶታል፤ ምን ያህል እንደያዘው ያውቃል። ይልቅ ገንዳውን ሰጠው። ውሃ መለካት፣ በየሳምንቱ ጥቂቱን ቀድቶ መተካት፣ የቧንቧው ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ አንድ ቀን ማሳደር፣ ፓምፑን ማጽዳት፣ መብራት ሲጠፋ የድሮ የላፕቶፕ ባትሪ አገናኝቶ ማስነሣት። ልጁ እጁ ቅን ነው። ባትሪውን ያገናኘው ራሱ ነው፤ አሁን አሥር ሰዓት ያህል ይቆያል። ቆሮሶዎቹ ሁለት ጊዜ ተራብተዋል፤ አንድ የወልዲያ ምግብ ቤት ባለቤት ጫጩቶቹን አይቶ ለጓሮው የሲሚንቶ ገንዳ ቢያስጀምሩለት እንደሚከፍል ተናግሯል። መንገዱ ሰላም ሲሆን ሄደው ያዩታል።

አንድ ቀን ልጁ ጠየቀ፦ "አጎቴ፣ ሐሪዱ ከጀልባው ላይ ይታያል?"

"የሚሻገሩት በሌሊት ነው" አለው። "በሌሊት እሱም ይተኛል።"

ልጁ ዝም ብሎ ጣሳውን አጠበ። ጥቂት ቆይቶ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠየቀ። ሰውየው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገረው፤ ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም። ቁርኣን ይቀራ የነበረውን የራያ ልጅ፤ የመን ዳርቻ ሲቆጠሩ አንድ እንደጎደለ፤ የጎደለው እሱ እንደነበረ፤ ስሙን ሳይጠይቀው እንደቀረ፤ ቤተሰቡ ዛሬም ይጠብቁት ይሆናል ብሎ እንደሚያስብ። ይህን ለሚስቱም ነግሯት አያውቅም።

ደላላው በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ ደውሏል። ልጁ አላነሣም። ስልኩን ግን አልዘጋውም። ዛሬ ጠዋት ሱቁን የከፈተው እሱ ነው፤ ከተቀዳ አንድ ቀን ያደረውን ውሃ በጀሪካን ይዞ መጥቷል።